ቍጥሩ ይቅደም ወይስ ጥያቄው? ስለ ሰርቨር የጫና ፈተና በቀረበው የተማሮች የጥናት እቅድ ላይ የተሰጠ ትችት

ባለፈው ወር በክፍላችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ባለ አራት ገጽ እቅድ ተለጥፎ አነበብን። ያዘጋጁት በትምህርት አንድ ዓመት የሚቀድሙን ጓደኞቻችን ናቸው። ሐሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው። ከሁለተኛና ከሦስተኛ ዓመት ስምንት ተማሮች ይመረጣሉ፤ ለእያንዳንዳቸውም በሥራ ዓለም ልምድ ያለው አንድ መካሪ ይመደብላቸዋል። ተማሮቹ በዐሥራ ሁለት ሳምንት ውስጥ ልዩ ልዩ የሰርቨር ሶፍትዌሮችን በጫና እየፈተኑ፥ እያንዳንዱ በሰኮንድ ስንት ጥያቄ ለማስተናገድ እንደሚችል ለክተው፥ በመጨረሻ ውጤቱን በአንድ ሠንጠረዥ ያወጣሉ።

እቅዱ በመታሰቡ ደስ ብሎናል። ተማሪ ከመጽሐፍ ያነበበውን በእጁ እንዲሠራው፥ ከእርሱ የሚበልጥ ባለ ሞያም አጠገቡ እንዲቆም ማድረግ ኮሌጃችን ሲመኘው የኖረ ነገር ነው። ይሁን እንጂ እቅዱ እንደ ተጻፈ ቢፈጸም ስምንቱ ተማሮች ብዙ ቍጥር ይዘው ጥቂት ዕውቀት ይዘው የሚወጡ ይመስለናል። ይህን የምንለው ከሩቅ ሆነን አይደለም፤ ከዚህ በታች እንደምንገልጸው፥ በዚሁ ጕዳይ ተሳስተን ሰው አስቸግረናልና።

አስቀድሞ ጕዳዩን ለማያውቁት አንባብያን ጥቂት እናስረዳ። ሰርቨር ማለት ከሩቅ ለሚመጣ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ኮምፒዩተር፥ ወይም በዚያ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራው ሶፍትዌር ነው። አንድ ሰው ሲጠይቀው ወዲያው የሚመልስ ሰርቨር ዐሥር ሺህ ሰው ባንድ ጊዜ ሲጠይቀው ምን ይሆናል? ይህን ቀኑ ሳይደርስ ለማወቅ፥ እንደ ብዙ ሰው ሆኖ ጥያቄ የሚያዘንብ ሌላ ፕሮግራም ይዘጋጃል። የጫና ፈተና የሚባለው ይህ ነው። ለሠርግ የምትደግስ እመቤት የእንግዳውን ቍጥር፥ የሚመጣበትን ሰዓትና የእንጀራውን ልክ አስቀድማ እንደምታሰላው ማለት ነው።

ጥያቄው ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ዴንማርካዊው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ፥ የስልክ ጥሪዎች በምን ዓይነት ሥርዓት እንደሚመጡ የሚመረምረውን ጽሑፉን በ1909 ዓ.ም. አወጣ። የስልክ መሥመር ጫና የሚለካበት መስፈሪያ እስከ ዛሬ ድረስ በስሙ «ኤርላንግ» ይባላል። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ዳን ኬገል የተባለ አሜሪካዊ የሶፍትዌር ሠራተኛ፥ አንድ ሰርቨር ዐሥር ሺህ ደንበኞችን ባንድ ጊዜ የማስተናገድን ችግር ዘርዝሮ ጻፈ። ሩሲያዊው ኢጎር ሲሶየቭ በ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በ2004 ዓ.ም. ለሕዝብ ያወጣው ኤንጂንኤክስ የተባለው ሰርቨር የተሠራው ይህን የመሰለውን ችግር ለመፍታት ነበር። ኤርላንግም ሆነ ኬገል የተነሡት ከጥያቄ እንደ ሆነ እናስተውል። ስንት ሰው ይመጣል? እንዴት ይመጣል? ምን ያህልስ ሊጠብቅ ይችላል?

በእቅዱ ላይ ያለን የመጀመሪያው ነቀፌታ ከዚህ ይነሣል። በአራቱ ገጽ ውስጥ «ስንት ጥያቄ በሰኮንድ» የሚል ሰባት ጊዜ ተጽፏል፤ የሚጠይቀው ሰው ማን እንደ ሆነ ግን አንድም ቦታ አልተነገረም። ለጋዜጣ አንባቢ የሚበቃ ሰርቨር ለባንክ ላይበቃ ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ ቀስ ብሎ የሚመጣ ሕዝብና በአንድ ደቂቃ ውስጥ በሩን የሚያጣብብ ሕዝብ በቍጥር እኩል ቢሆኑም በጫና እኩል አይደሉም።

ለዚህ በዓለም የታወቀ ምሳሌ አለ። የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን መመዝገቢያ ድረ ገጹን በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት 1 ቀን በአውሮፓ አቈጣጠር ሲከፍት፥ ኀላፊዎቹ ባንድ ጊዜ ይመጣል ብለው የገመቱት ሕዝብ ከ50,000 እስከ 60,000 ነበር፤ የመጣው ግን 250,000 ያህል እንደ ነበረ በኋላ ተናገሩ። በመጀመሪያው ቀን ምዝገባውን እስከ መጨረሻው ለመፈጸም የቻሉት ስድስት ሰዎች ብቻ መሆናቸው ከጊዜ በኋላ በወጡ ሰነዶች ታወቀ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን፥ ከመከፈቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ በተደረገ ሙከራ ድረ ገጹ በጥቂት መቶ አስመሳይ ተጠቃሚዎች ጫና ቆሞ እንደ ነበረ መዘገቡ ነው። እንግዲህ ቍጥሩ ተገኝቶ ነበር። የጐደለው፥ «ይህ ቍጥር ለማን ምን ማለት ነው? እንዲህ ከሆነስ በሩን እንክፈት ወይስ እናቆይ?» ብሎ የሚጠይቅና ጥያቄው የሚሰማለት ሰው ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ስሕተት እንመለስ። ባለፈው ዓመት ሦስት ሆነን፥ አንድ መሥሪያ ቤት የተማሮችን የፈተና ውጤት ሊያሳውቅበት ያዘጋጀውን ድረ ገጽ በጫና እንድንፈትን ተጠየቅን። ፈተናውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረስነው። አማካይ የመልስ ጊዜው 18 ሚሊሰኮንድ ሆኖ ስላገኘነው ባለ ቀለም ሥዕል ጨምረን ሪፖርት ጻፍን፤ ተመሰገንንም። ውጤቱ የወጣ ቀን ድረ ገጹ ከጧት ጀምሮ እስከ ማታ የሚከፈተው በመከራ ነበር። የአንዳችን ታናሽ እኅት ከገጠር ሁለት ሰዓት በእግር ተጕዛ ከተማ ገብታ፥ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ በደቂቃ እየከፈለች እስኪመሽ ከተቀመጠች በኋላ ውጤቷን ሳታይ ተመለሰች። ማታ በስልክ፥ «ወንድም ጋሼ፥ ፈትነነዋል ብለኸኝ አልነበረም ወይ?» አለችው። የሚመልሰው አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ ማስታወሻችንን ዘርግተን ስንመረምር ሦስት ስሕተት አገኘን። አንደኛ፥ ጥያቄ የሚያዘንበው ፕሮግራም የተቀመጠው ሰርቨሩ ባለበት በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ነበር፤ ስለዚህ ሁለቱ አንዱን ጕልበት ሲሻሙ ዋሉ፥ ኔትወርኩም ከነጭራሹ ሳይፈተን ቀረ። ሁለተኛ፥ በሺህ የሚቈጠረው ጥያቄ ሁሉ የጠየቀው የአንድ ተማሪ የመለያ ቍጥር ነበር። ሰርቨሩ ያንን አንድ ውጤት አንድ ጊዜ ከዳታቤዙ አውጥቶ በቅርብ ማስታወሻው ከያዘው በኋላ፥ ያንኑ መልስ ሲደጋግም ዋለ፤ ዳታቤዙ ሥራ ፈትቶ ነበር። በእውነተኛው ቀን ግን የመጣው ሁሉ የየራሱን ቍጥር ይዞ ስለ መጣ ሸክሙ በዳታቤዙ ላይ ወደቀ። ሦስተኛው ስሕተት ከሁሉ የረቀቀ ስለ ሆነ ለብቻው እናስረዳዋለን፤ እቅዱም ሊወድቅበት የተቃረበው በዚሁ ነውና።

ወፍጮ ቤትን እናስብ። የወፍጮውን ፍጥነት ለማወቅ የፈለገ ሰው አንድ ሎሌ ይልካል። ሎሌው አንድ ቍና እህል ያስፈጫል፤ ተፈጭቶ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ሁለተኛውን ያመጣል። ወፍጮው ተበላሽቶ ሁለት ሰዓት ቢቆም ሎሌው ያው አንዱን ቍና ይዞ ይጠብቃል እንጂ ሌላ አያመጣም። ማታ ለጌታው ሲነግር፥ «አርባ ቍና አስፈጨሁ፤ አንዱ ብቻ ዘገየብኝ» ይላል። አልዋሸም። ነገር ግን በገበያ ቀን ሰው የሚመጣው ወፍጮውን እያየ አይደለም። ወፍጮው ቢቆምም ሰው መምጣቱን አያቆምም፤ ሰልፉ ከበር አልፎ መንገድ ይደርሳል። ሎሌው ይህን ሰልፍ ከቶ አላየም፤ ያላየውም ራሱ ትዕግሥተኛ ስለ ሆነ ነው።

በእቅዱ ከተዘረዘሩት መሣሪያዎች መካከል ሁለቱ፥ ጄሜተርና ደብልዩአርኬ፥ እንደ ወትሮው ሲሠሩ የዚህ ሎሌ ባሕርይ አላቸው። ብዙ ሎሌዎች ባንድ ጊዜ ይልካሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሎሌ መልስ ሳያገኝ ሁለተኛ ጥያቄ አያቀርብም። ይህን መናገራችን መሣሪያዎቹን ለመንቀፍ አይደለም። ጄሜተር ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ሰው የተገለገለበት ማለፊያ መሣሪያ ነው፤ የጥያቄውን አመጣጥ በሰዓት ለመወሰንም ያስችላል። ተማሪው ግን ልዩነቱን ካልተነገረው መሣሪያው በሰጠው ይረካል፤ እኛም የረካነው በሃያ ትዕግሥተኛ ሎሌዎች ነበር።

ጕዳቱን በቍጥር እንየው። በሰኮንድ 10 ጥያቄ የሚመጣበት አንድ ሰርቨር ለ10 ደቂቃ ይፈተን። ሁልጊዜ በ20 ሚሊሰኮንድ ይመልሳል እንበል፤ በመካከል ግን ለ60 ሰኮንድ ጭራሽ ይቆማል። አንድ ሎሌ የሚልክ መሣሪያ በቀሩት 540 ሰኮንዶች 5,400 ፈጣን መልሶች ይመዘግባል፤ ለቆመበት ጊዜ ደግሞ 60 ሰኮንድ የፈጀ አንድ መልስ። አማካዩ 31 ሚሊሰኮንድ ይሆናል፤ ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ መልስም 20 ሚሊሰኮንድ ነው። ሪፖርቱ ያማረ ነው። በእውነት ግን በቆመበት ደቂቃ 600 ሰዎች መጥተው ነበር። ሰርቨሩ ሲነሣ ሁሉንም ወዲያው ቢያስተናግዳቸው እንኳ፥ እነዚህ ሰዎች በአማካይ 30 ሰኮንድ ያህል ጠብቀዋል። የ6,000ው ሰው እውነተኛ አማካይ 3 ሰኮንድ ነው፤ ከሃያ ሰው አንዱ ከ30 ሰኮንድ በላይ፥ ከመቶ ሰው አንዱም ከ54 ሰኮንድ በላይ ጠብቋል። ሰርቨሩ ያው አንዱ ነው፤ ሁለቱን ሪፖርት የለያያቸው የፈታኙ ጠባይ ነው።

ጊል ቴኔ የተባለ የሶፍትዌር ሊቅ ይህን ስሕተት ፈታኙና ተፈታኙ ሳያውቁት ተባብረው የሚሠሩት ግድፈት መሆኑን ደጋግሞ አስረድቷል፤ ደብልዩአርኬንም አሻሽሎ፥ መልስ ቢዘገይም ጥያቄውን በተወሰነለት ሰዓት የሚያስብ ሁለተኛ መሣሪያ አውጥቷል። ከእርሱም በፊት ቢያንካ ሽሮደር፥ አዳም ዊርማንና ሞር ሃርኮል ባልተር በ2006 ዓ.ም. ባቀረቡት ጥናት፥ ጠያቂው መልስ እየጠበቀ የሚመላለስበትና ጠያቂው በራሱ ጊዜ የሚመጣበት አፈታተን ለአንድ ሰርቨር እጅግ የተራራቀ ውጤት ሊሰጡ እንደሚችሉ አሳይተዋል። እንግዲህ እቅዱ ስምንቱ ተማሮች ሠንጠረዥ ከማውጣታቸው በፊት ከሁለቱ የትኛውን ዓይነት ጠያቂ እንደሚመስሉ እንዲጽፉ ሊያዝ ይገባ ነበር።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ሁለተኛው ነቀፌታችን ውጤቱ በአማካይ ብቻ እንዲገለጽ መታሰቡ ነው። አማካይ ከላይ እንዳየነው የተጐዳውን ሰው ባልተጐዱት ብዛት ይሸፍነዋል። ስለዚህ ከመቶ ሰው ዘጠና ዘጠነኛው ምን ያህል ጠበቀ፥ ከሺሁስ የመጨረሻው ምን ደረሰበት ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ተማሪው ውጤቱን የሚያመሳክርበትም ሕግ አለ። ጆን ሊትል በ1961 ዓ.ም. ማስረጃውን የጻፈለት ይህ ሕግ፥ በሰርቨሩ ውስጥ ባንድ ጊዜ ያሉት ጥያቄዎች ብዛት፥ በሰኮንድ የሚመጡት ጥያቄዎች በአንዱ የቆይታ ጊዜ ተባዝተው የሚገኙ ናቸው ይላል። በሰኮንድ 200 ጥያቄ ቢመጣና እያንዳንዱ ግማሽ ሰኮንድ ቢቆይ፥ ውስጥ ያሉት 100 ናቸው። ቆይታው 5 ሰኮንድ ቢሆን 1,000 ይሆናሉ። ለ300 ብቻ ቦታ ያለው ሰርቨር እዚህ ላይ ይወድቃል፤ የመጣው ሰው ግን አልጨመረም። ይህን ማባዛት በእርሳስ የሠራ ተማሪ መሣሪያው የተሳሳተ ቍጥር ሲሰጠው ይጠረጥራል። ያልሠራው ግን ይቀበላል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው ነቀፌታችን ስለ መካሪው ነው። በእቅዱ መካሪው የሚሠራው ሁለት ነገር ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ይሰጣል፥ በዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት ውጤት ይቀበላል። ይህ ምክር ሳይሆን ውል ነው። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረውና የብዙ አገር ተማሮችን ከክፍት ሶፍትዌር ባለ ሞያዎች ጋር የሚያገናኘው የጉግል የበጋ መርሐ ግብር እንኳ፥ ተማሪው ኮድ መጻፍ ከመጀመሩ በፊት ከመካሪውና ከሥራው ጋር የሚተዋወቅበት ሳምንታት አሉት። በ2022 ዓ.ም. ለተማሮች ብቻ መሆኑ ቀርቶ ለሌሎች ጀማሮችም ሲከፈት ይህ መተዋወቂያ ጊዜ አልቀረም።

ነገር ግን ለምሳሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በአገራችን የቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ቃሉ ሲሰበር፥ ምሥጢሩ ሲጐድል እዚያው ያርመዋል፤ የቀረው ተማሪ ሁሉ ይሰማል። በንባብ ቤትም ቀደም ያለው ተማሪ ተከታዩን ያስቀጽላል። የዚህ ልማድ ኀይል ስሕተት በየቀኑ በትኵሱ መታየቱ ነው። የእኛ ሪፖርት ከመሄዱ በፊት አንድ መካሪ ለአንድ ሰዓት ብቻ አጠገባችን ተቀምጦ፥ «የጠየቃችሁት የስንት ተማሪ ቍጥር ነው?» ብሎን ቢሆን ኖሮ ያች ልጅ ውጤቷን አይታ ትመለስ ነበር ብለን እናምናለን።

ስለዚህ ዐሥራ ሁለቱ ሳምንት እንዲህ ቢከፈል እንወዳለን። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ምንም ፈተና አይደረግ፤ ተማሪው የአንድ እውነተኛ ሰርቨር የጥያቄ መዝገብ አንብቦ ማን፥ በስንት ሰዓት፥ ምን እንደሚጠይቅ ይግለጽ። በአራተኛውና በአምስተኛው ሳምንት የሚያገኘውን ውጤት አስቀድሞ በስሌት ገምቶ በጽሑፍ ለመካሪው ይስጥ። ከስድስተኛው እስከ ዘጠነኛው ይፈትን፤ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ሳይሆን ለብዙ ሰዓትም ይፈትን፥ ቀስ ብሎ የሚመጣ ጕድለት በሦስት ደቂቃ አይታይምና። በዐሥረኛውና በዐሥራ አንደኛው ሳምንት ሌላው ተማሪ የመጀመሪያውን ማስታወሻ ብቻ ይዞ ፈተናውን ይድገመው፤ ያው ውጤት ካልተገኘ ሁለቱ ከመካሪያቸው ጋር ምክንያቱን ይፈልጉ። በመጨረሻው ሳምንት የተሳካውም ያልተሳካውም ይጻፍ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የሳይንስ መምህራችን ማስታወሻችንን በቀለም ያስጽፉን ነበር፤ የተሳሳተውንም በአንድ መሥመር እንድንሰርዘው እንጂ እንድንፍቀው አይፈቅዱልንም ነበር። ያን ጊዜ ያስመርረን ነበር፤ ስሕተታችንን ፈልገን ያገኘነው ግን ባልፋቅነው ማስታወሻ ነው።

ሦስት መቃወሚያዎች ሊቀርቡብን ይችላሉ። የመጀመሪያው፥ «ለዚህ የሚበቃ ኮምፒዩተር የለንም» የሚል ነው። ክብረ ወሰን ለመስበር ከሆነ በእርግጥ የለንም። ለመማር ግን ሁለት አሮጌ ኮምፒዩተሮችና አንድ ኬብል ይበቃሉ፤ እንዲያውም ደካማ ሰርቨር ቶሎ ስለሚጨናነቅ አወዳደቁን ለማየት ይመቻል። ሁለተኛው፥ «ባለ ሞያዎቹ ጊዜ የላቸውም» የሚል ነው። እኛ የምንለምነው በሳምንት አንድ ሰዓት ነው። በውጭ አገር በዚህ ሞያ የተሰማሩ ወገኖቻችንም ሊረዱን ይችላሉ፤ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን በዋሽንግተን እኩለ ቀን፥ ወይም ከዚያ አንድ ሰዓት ያለፈ ነውና፥ በምሳ ሰዓታቸው ሊያነጋግሩን ይችላሉ። ሦስተኛው፥ «ሠንጠረዥ ከሌለ ማን ያነብልናል?» የሚል ነው። ለዚህ የምንመልሰው፥ የእኛን ሠንጠረዥ ብዙ ሰው አንብቦልን እንደ ነበረ ነው።

እቅዱ ሳይጠቅሰው ያለፈ አንድ ነገርም ይጨመርበት። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በማንም ሰርቨር ላይ የጫና ፈተና ማድረግ ሰው በር ላይ ድንጋይ እንደ መከመር ነው፤ አገልግሎቱን ሊያቆም፥ ተማሪውንም በሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል። ስለዚህ በራስ ኮምፒዩተር ወይም በጽሑፍ በተሰጠ ፈቃድ ብቻ እንዲፈተን በእቅዱ መግቢያ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ሲጠቃለል፥ እቅዱ እንዲጣል አንጠይቅም፤ ቅደም ተከተሉ እንዲለወጥ ብቻ እንለምናለን። መጥኖ የሚደቍስ ባለ ሞያ ድስት ጥዶ አያለቅስም ይባላል፤ መመጠን ግን የሚበላውን ሰው ከማወቅ ይጀምራል። አዘጋጆቹ በዚህ ከተስማሙ፥ ሦስታችን ያለፈውን ዓመት ማስታወሻ ከነስሕተቱ ለማስረከብ ዝግጁዎች ነን። ከስምንቱ ተማሮች የመጀመሪያው እርሱን ይዞ ፈተናውን ይድገመው፤ የምንሰጠው ኮምፒዩተር ባይኖረንም፥ የምንሰጠው ስሕተት አለን።